የናስ ሞዴልን ስቴንለስ ለማስመሰል የትኛው መንገድ ይሻላል?

ናስ ለሞዴል ሠሪ የሚመች ነገር ነው። ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በሊድ (ቀልጦ ቁራጮችን በሚያያይዘው የብየዳ ቅይጥ) ይያያዛል። በአሲድ ሲበላ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን ዝርዝር ሁሉ ይወጣለታል። ቀለሙ ግን ቢጫ ነው። የምንሠራው ዕቃ በእውኑ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ያ ቢጫ መጥፋት አለበት። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቀለም ንፉበት ይላል፣ ሌላው ኒኬል አስነክሩት፣ ማለትም በስስ ኒኬል አስለብሱት ይላል፣ ሦስተኛው ፎይል ለጥፉበት ይላል። ሁሉም የሚያዋጣበት ቦታ አለው። ሥራውን የሚያበላሽበት ቦታም አለው።

እንደ ምሳሌ የምይዘው የባቡር ፉርጎ ነው። በባቡር ዓለም ስቴንለስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የፊላደልፊያው በድ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ፓዮኒር ዜፈር የተባለው ባቡሩ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ 1,015 ማይል በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሄዶ አገር ጉድ አሰኘ። ዛሬ ቺካጎ በሚገኘው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። በ1955 ሥራ የጀመረው ‹ካናዲያን› ባቡርም 173 የበድ ፉርጎዎች ታዘውለት ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በዩኒየን ስቴሽን ሲገቡና ሲወጡ የኖሩት ክብ ጎን ያላቸው የአምትራክ ‹አምፍሊት› ፉርጎዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ በድ የሠራቸው ናቸው። የእነዚህ ባቡሮች ጥሩ ጥሩ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ከናስ ነው የሚሠሩት። ሸንተረራም ጎናቸውን እውነት ማስመሰል ግን ፈተና ነው።

ስቴንለስ ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የሚስተው ብርሃን በማብዛት ነው። ስቴንለስ መስታወት አይደለም። ብር የሚያርፍበትን ብርሃን ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። አሉሚኒየምም ወደ 90 ይጠጋል። የተወለወለ ስቴንለስ ግን የሚመልሰው 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ‹ሲልቨር› የተቀባ ሞዴል ከሩቅ ሲያዩት አሻንጉሊት የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚገባው በላይ ነጭ ነው።

ቀለሙም የራሱ ነው። ክሮም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ኒኬል ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ስቴንለስ በሁለቱ መካከል ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ፣ ረጋ ያለ ግራጫ። ይህን በቃል መያዝ ስለማይቻል ናሙና ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ የስቴንለስ በርና የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ይጥላሉ፤ አንድ መዳፍ የምታህል ለምኑ። ውጭ ያላችሁም ከብረት ሻጭ 304 የተባለውን ዓይነት ቁራጭ ማግኘት ትችላላችሁ። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ገደማ ያለው፣ የተለመደው ስቴንለስ እሱ ነው። ከአሁን በኋላ ዳኛው ያ ቁራጭ ነው።

የጭረቱ ነገርም አለ። እውነተኛ ስቴንለስ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ታዲያ ሞዴሉም ላይ እንሥራቸው? በሚዛኑ ይወሰናል። በ1፡87 ሞዴል (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ) ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ጭረት ብትሠሩ በትልቁ ፉርጎ ላይ 8.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፉርጎ የለም። በትንሽ ሚዛን ጭረቱ መታየት የለበትም፤ ለስላሳ፣ ደብዘዝ ያለ ሳቲን ብቻ ይበቃል። ሰው በሚጋልብባቸው የ1፡8 ሞዴሎች ግን ጭረቱን በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሳየት ያምርበታል።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውንም መንገድ በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች መዝኑት።

- ቀለሙ ከናሙናው ጋር ይገጥማል?
- ምን ያህል ይወፍራል? 40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ቅብ በ1፡87 ሲሰላ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሸንተረሩን ይደፍነዋል።
- በሊድ የተያያዘውንም ቦታ እኩል ይሸፍናል?
- በእጅ ሲነካ ይችላል? ሐዲድ ላይ የሚሮጥ ሞዴልና መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ሞዴል አንድ አይደሉም።
- በቤት ውስጥ ያለ አደጋ ይሠራል? ዋጋውስ?

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ሁለተኛውን ነው። ቀለም በኋላ ይስተካከላል፤ የተደፈነ ዝርዝር ግን ሁሉንም ነገር አራግፎ እንደገና መጀመር ነው።

ከምርጫው በፊት ጽዳት

የትኛውንም ምረጡ፣ ናሱ ካልጸዳ ዋጋ የለውም። በሊድ ሲበየድ የተቀባው ፍላክስ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳው ነገር፣ ጥግ ጥጉን ተሸሽጎ ይቀራል። ከወራት በኋላ ከቀለሙ ሥር አረንጓዴ ነገር ሆኖ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ቀጥሎ አሴቶን። ከዚያ ሲትሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና በብዙ ውኃ አለቅልቁት።

ፈተናው ቀላል ነው። ውኃ አፍስሱበትና አዘንብሉት። ውኃው እንደ ስስ መጋረጃ ሳይቆራረጥ ከወረደ ጸድቷል። ጠብ ጠብ እያለ ወይም እየሸሸ ከተንጠባጠበ ቅባት አለበት፤ ድገሙት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም።

ቀለም በኤርብራሽ

ለአብዛኛው ሰው መነሻው ይህ ነው፤ ኤርብራሽ ቀለምን በአየር ግፊት በስሱ የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ ነው። ለሞዴል ተብለው የሚሠሩ የላከር ብረታማ ቀለሞች ውስጣቸው ያለው ቅንጣት እጅግ የደቀቀ ነው። ጠርሙሱ ላይ ‹ስቴንለስ ስቲል› ተብለው የሚሸጡም አሉ። ለመኪና የሚሸጠውን ተራ ሲልቨር በዚህ ቦታ አትተኩ። ቅንጣቱ ይጎላል። 30 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በ1፡87 ሲሰላ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ፉርጎው በብልጭልጭ የተረጨ ይመስላል።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። ናስ ላይ ተራ ቀለም አጥብቆ አይዝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሲድ ያለበት ፕራይመር፣ የመኪና ቀለም ቤቶች ዎሽ ፕራይመር የሚሉት፣ በጣም ሳስቶ ይነፋል። ከዚያ አንጸባራቂ ጥቁር። በመጨረሻ ብረታማው ቀለም፣ 1 ባር ገደማ በሆነ ግፊት፣ እጅግ በስሱ፣ ደጋግሞ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የመጀመሪያው ንብርብር ጥቁሩን የአቧራ ጭጋግ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ላይ ግራጫው ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ብረት ይሆናል። አራተኛው ከመጣ ጥልቀቱ ጠፍቶ ተራ ሲልቨር ይሆናል። ማቆም ያለባችሁ ጥቁሩ ከሥር ትንሽ እየተሰማ ሳለ ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም መለያየት መቻሉ ነው። እውነተኛ ፉርጎ ሁሉ ነገሩ አንድ ዓይነት አያበራም። ጎኑ ይታጠባል፣ ጣሪያው ጥላሸትና አቧራ ይጠጣል። ጎኑን በጥቁር ላይ፣ ጣሪያውን በግራጫ ላይ ብትነፉ ልዩነቱ ራሱ ይመጣል። ሊዱም ናሱም እኩል ይሸፈናሉ።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ውፍረት፦ ሦስቱ ንብርብሮች ተደምረው በቀላሉ 30 እና 40 ማይክሮን ይደርሳሉ። ሁለተኛው ጥንካሬ፦ ጠርዝ ጠርዙ በጣት ይላጣል። መከላከያ ብላችሁ ቫርኒሽ ስትደርቡ ደግሞ ብረትነቱ ይሞታል። የግድ ከሆነ ሳቲን የሆነውን፣ ያውም እጅ በሚይዝበት ቦታ ብቻ። የላከር ጭስ ቀልድ አይደለም፤ መስኮት ተከፍቶ፣ የኬሚካል ጭስ የሚይዝ ፊልተር ያለው ማስክ ተደርጎ ነው የሚነፋው። የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ኒኬል በኤሌክትሪክ ማስነከር

ሞዴሉ ብረት እንዲመስል ሳይሆን ብረት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ይህ ነው መንገዱ። ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ኒኬል ይበቃል። 10 ማይክሮኑ በ1፡87 አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሸንተረሩ፣ የሪቬቱ ራስ፣ የበሩ ጠርዝ እንዳለ ይቀራል። ብርሃን ሲያርፍበትም ቀለም የማይሰጠው ነገር አለው፤ ፉርጎውን ስታዞሩት ብርሃኑ በሸንተረሩ ላይ ይሮጣል።

ወሳኙ ነጥብ ይህ ነው፦ ኒኬል ምንም አይሸፍንም። ናሱ ላይ ያለውን ሁሉ ደግሞ ያሳያል። መስታወት እስኪመስል የተወለወለ ናስ መስታወት የመሰለ ኒኬል ይሰጣል። ደብዘዝ ያለ ናስ ሳቲን ኒኬል ይሰጣል። ስለዚህ የስቴንለሱ መልክ የሚወሰነው ከመነከሩ በፊት ነው። በጣም የደቀቀውን ግራጫ የናይሎን መፈግፈጊያ ያዙና በሸንተረሩ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳትጫኑ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት። ማዞር የለም። የክብ ጭረት ካለ ኒኬሉ ያጋልጠዋል። ለአስነካሪውም ‹ብራይት› የሚባለውን ማብሪያ የሌለበት ወይም ሳቲን የሆነ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ እንደ ቧንቧ ራስ አብርቶ ይመልስላችኋል።

ሊዱ ያስቸግራል። ሊድ ያለበት ብየዳ መታጠቢያው (ሞዴሉ የሚነከርበት ፈሳሽ) ውስጥ ጠቁሮ ኒኬሉ እንዳይዝ ያደርጋል። ትርፉን ሊድ ፍቃችሁ አንሱ፤ ጥሩ አስነካሪ ደግሞ መጀመሪያ ስስ መዳብ ያስነክርለታል። መጠኑም ሌላ ራስ ምታት ነው። 85 ጫማ ፉርጎ በ1፡87 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ቤት ውስጥ በማሰሮ የሚሆን ነገር አይደለም። ለትናንሽ ቁራጭ ግን በብሩሽ የሚያስነክሩ መሣሪያዎች አሉ። የብሩሹ ጫፍ በኒኬል ፈሳሽ ይርሳል፣ ጥቂት ቮልት ይሰጠዋል፣ ቁራጩ ላይ ይታሻል። ለመያዣ፣ ለበር፣ ለተላጠ ጠርዝ ጥሩ ነው።

ስለ ጤና በግልጽ ልናገር። የኒኬል ጨው ቆዳን ያስቆጣል፣ ካንሰር አምጪ ተብሎም ተመድቧል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ፈሳሹ ወደ ፍሳሽ አይደፋም። በቤት የምትሞክሩ ሰዎች ደግሞ ኒኬል ቢጠፋ ስቴንለስ ማንኪያን በአኖድ (በፖዘቲቩ ጫፍ) ቦታ አትስቀሉ። ከውስጡ የሚወጣው ክሮሚየም መርዝ ነው።

የኒኬል ቀለም ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ማለትም ወደ ቢጫ ያዘነብላል ብያለሁ። ከናሙናው ጋር ስታስተያዩት ያ ከበዛባችሁ፣ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ወይም ጭስማ ቀለም በብዙ ሳቲን ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) በጥብጣችሁ አንድ ጊዜ እንደ ጤዛ ንፉበት። ቢጫው ይሸሻል።

ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ኒኬል

ይህኛው ፈሳሹ ውስጥ ባለ ኬሚካል ብቻ ነው የሚይዘው። ኤሌክትሪክ ጠርዝ ላይ ያበዛል፣ ጥግ ላይ ያሳንሳል፤ ይህኛው ግን ጥጉንም ጠርዙንም እኩል ያለብሳል። ለሸንተረራም ጎን ትልቅ ጥቅም ነው። ናስ ላይ ግን በራሱ አይጀምርም፤ በብረት ሽቦ ነክቶ ማስጀመር ያስፈልጋል። ፈሳሹም ከ85 እስከ 90 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ተራው ሊድ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ችግር የለም። ነጭ ብረት (በቀላሉ የሚቀልጥ የሞዴል ቅይጥ) ለማያያዝ የሚያገለግለው በ70 ዲግሪ የሚቀልጠው ሊድ ካለበት ግን ሞዴሉ መታጠቢያው ውስጥ ይፈታል። በሙጫ የተያያዘውም ያሰጋል። የሌላ ሰው ሥራ የሆነ አሮጌ ሞዴል ከሆነ፣ ምን እንደተበየደበት ስለማታውቁ፣ ይህን መንገድ አልመክርም።

ቲን፣ ክሮም፣ ብር፣ ፎይል

እነዚህን አላስረዝምም። ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሸጠው የቲን ፈሳሽ ናስን በደቂቃዎች ነጭ ያደርገዋል። ርካሽ ነው፣ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን ብዙም አይዘልም። ነገር ግን የናሱ ዚንክ ቀስ እያለ በቲኑ ውስጥ ያልፋል፣ መልኩም ይደበዝዛል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ታዮዩሪያ ለጤና ስለማይመች ጓንት አይቅር። ለውስጥ ዕቃ፣ ለወንበር እግር፣ ከቀለም በፊት ለመነሻ ይሆናል።

ክሮም ለስቴንለስ አይሆንም። በጣም ያበራል፣ በጣም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የድሮው ዓይነት የክሮም መታጠቢያ ከባድ መርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማሰብም አይገባም። ብር ነጭነቱ ይበዛል፣ ከዚያም ይጠቁራል። ሙጫ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ለጥ ባለ ቦታ፣ ለመስኮት ክፈፍ፣ ለበር ጥሩ ነው። ሸንተረር ላይ ግን በጥጥ እየጫኑ ማስገባት ትዕግሥት ይጨርሳል፣ መጋጠሚያውም ይታያል። እሱም ቢሆን ከስቴንለስ ይልቅ ነጭ ነው።

ናሱን ራሱን መቀየር

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንዳንዱ ክፍል ባይለበጥ ይሻላል። ጀርመን ሲልቨር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንደ ናስ ይቆረጣል፣ እንደ ናስ ይበየዳል። ብር የለበትም። ተፍቆ መልኩ አይለወጥም፤ ከላይ ከታች አንድ ነው። ወደ ቢጫ ያዘነብላል እንጂ ከናስ ጋር አይወዳደርም።

የእጅ መያዣዎቹን ደግሞ ከእውነተኛ ስቴንለስ መሥራት ይቻላል። ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የመርፌ ጫፍ ስቴንለስ ቱቦ ነው። 30 ቁጥሩ ውፍረቱ 0.31 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1፡87 ሲሰላ 27 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ሰው ባቡር ሲሳፈር የሚጨብጠው የመያዣ ውፍረት ነው። ፕላስ ይጨፈልቀዋል፤ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ዙሪያውን ጭራችሁ ስበሩት፣ መነጽር አድርጋችሁ። ሹሉን ጫፍ መጀመሪያ አስወግዱና በወፍራም ዕቃ ጣሉት። በተራ ፍላክስ አይበየድም፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ይፈልጋል። ሱፐር ግሉ ግን ይበቃዋል።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| መንገድ | ከናሙናው ጋር | ውፍረት | በእጅ ሲነካ | አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ላከር በኤርብራሽ | በጣም ይቀርባል | 30–40 ማይክሮን | ደካማ | ጭስ | ኤርብራሽ ካለ መካከለኛ |
| ኒኬል በኤሌክትሪክ | ይቀርባል፣ ትንሽ ሞቅ ይላል | 5–10 ማይክሮን | በጣም ጠንካራ | በቤት ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ኒኬል በብሩሽ | እንደዚያው | በጣም ስስ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ኒኬል ያለ ኤሌክትሪክ | ይቀርባል፣ ሞቅ ይላል | እኩል፣ ስስ | በጣም ጠንካራ | ሙቀትና ኬሚካል | ከፍተኛ |
| ቲን | ነጭ፣ በኋላ ደብዛዛ | 1 ማይክሮን ገደማ | ደካማ | ኬሚካል | ዝቅተኛ |
| ክሮም | ይርቃል | ስስ | ጠንካራ | በጣም ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ፎይል | ነጭነቱ ይበዛል | መካከለኛ | ደካማ | የለም | ዝቅተኛ |
| ጀርመን ሲልቨር | ቢጫ ያዘነብላል | ቅብ የለውም | ጠንካራ | የለም | መካከለኛ |
| የመርፌ ቱቦ | ራሱ ነው | ቅብ የለውም | ጠንካራ | ሹልነት | በጣም ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

የመጀመሪያ የናስ ሞዴላችሁ ከሆነ፣ ኤርብራሽም ካላችሁ፣ ቀለም። አላስማማ ያለው በቲነር ይነሳል፣ ናሱ አይጎዳም። በአሲድ የተበላው ናስ የሚመጣበት ክፈፍ አይጣል፤ እሱም ያው ናስ ስለሆነ ንብርብሩን መጀመሪያ በሱ ላይ ቁጠሩ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ኤርብራሹም ላከሩም እጃችሁ ላይ ከሌለ፣ ከውጭ እስኪመጣ ጽዳቱንና መፈግፈጉን ጨርሱ። ዎሽ ፕራይመሩ የመኪና ቀለም ቤት አለ፣ መርፌው ፋርማሲ አለ፣ ናሙናው በር ሠሪ ጋ አለ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ሲልቨር ስፕሬይ ጣሪያውና ጎኑ ላይ አትቸኩሉበት። መንኮራኩሩን የተሸከመው ቦጊ ግን በእውኑም ስቴንለስ አይደለም፤ እሱ ተራ ግራጫ ቢቀባ ምንም አይለውም።

ሞዴሉ ሐዲድ ላይ የሚሮጥ፣ ልጆችም የሚያነሱት ከሆነ ከኒኬል ሌላ አትፈልጉ። ገንዘቡ ካልበቃ ጎንና ጎኑን ብቻ አስነክሩ። ሳይገጣጠም በፊት ለጥ ያለ ቁራጭ ስለሆነ ትንሽ መታጠቢያ ይበቃዋል፣ ሊድም የለበትም። ጣሪያውን ቀለም ቀቡት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ቅይጥ ነው፦ ኒኬል ጎን፣ በግራጫ ላይ የተነፋ ጣሪያ፣ የመርፌ መያዣ። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ ዓመታት የሠራ ፉርጎም እንዲሁ ነው።

ውድ፣ አሮጌ፣ በፋብሪካ ላከር የተቀባ የናስ ሞዴል ከገዛችሁ ደግሞ ወደ መታጠቢያ አታስገቡት። ብየዳውን አታውቁትም፣ በኋላ ስትሸጡትም ዋጋው ሊወርድ ይችላል። በቀለም ብቻ ሥሩት፣ የሚቀጥለው ባለቤት ካልፈለገው እንዲያነሳው።